ከከብት በረት እስከ ልብ ሕክምና፦ ደምን የሚያረጋውና የሚያቀጥነው ምስጢር የተገኘበት መንገድ

በአጨዳ ወቅት ማጭድ ጣቱን የቆረጠው ገበሬ ቁስሉን ጨብጦ ጥቂት ደቂቃ ቢታገሥ ደሙ ይቆማል። ሽንኩርት ስትከትፍ ቢላዋ ያገኛት እናትም ጣቷን በጨርቅ ጠቅልላ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ነገሩ በየዕለቱ የሚታይ በመሆኑ ማንም አይደነቅበትም። ይሁን እንጂ ያ ደም ሳይቆም ቢቀር ከትንሽ ቁስል የተነሣ ሕይወት ሊያልፍ ይችላል። በአንጻሩ ደም መርጋት በማይገባው ቦታ፣ ማለትም በልብ፣ በሳንባ ወይም በአንጎል የደም ሥር ውስጥ ቢረጋ አደጋው ከዚህ አያንስም። ጤነኛ ሰው በሕይወት የሚኖረው በእነዚህ በሁለቱ አደጋዎች መካከል ያለው ሚዛን ሳይዛባ ሲቀር ነው።

የሕክምና ሳይንስ ይህን ሚዛን ማወቅና እንደ አስፈላጊነቱ ወደ አንዱ ወገን ማዘንበል የቻለው በ20ኛው መቶ ዘመን ነው። የእውቀቱ ትልቅ ክፍል የተጀመረው በታላላቅ ሆስፒታሎች ሳይሆን በገበሬዎች በረትና በጫጩቶች ቤት ነበር። ዛሬ በኢትዮጵያ የልብ ቫልቭ ያስቀየሩ ሰዎች በየዕለቱ የሚውጡት ዋርፋሪን የተባለ ክኒንም፣ አዲስ የተወለደ ሕፃን ጭኑ ላይ የሚወጋው የቫይታሚን ኬ መርፌም የዚያ ምርምር ፍሬዎች ናቸው።

ደም እንዴት ይረጋል?

የደም ሥር በተቆረጠ ጊዜ ሰውነት ሦስት ነገሮችን በተከታታይ ያደርጋል። በመጀመሪያ የተቆረጠው የደም ሥር ይጠብባል፤ በዚህም የሚፈስሰው ደም ይቀንሳል። ቀጥሎ ፕሌትሌት የሚባሉት በደም ውስጥ የሚንሸራሸሩ ጥቃቅን ሕዋሳት ከተቆረጠው ቦታ ላይ ተጣብቀው ቀዳዳውን ይደፍኑታል። ይህ መድፈኛ ግን ለብቻው ጽኑ አይደለም። ስለዚህ በሦስተኛው ደረጃ በደም ውስጥ ሟሙተው የሚኖሩ አርጊ ንጥረ ነገሮች እየተቀባበሉ ይነቃሉ፤ በመጨረሻም ፋይብሪን የሚባል የክር መረብ ይሠራሉ። መረቡ ልክ እንደ ዓሣ አጥማጅ መረብ የደም ሕዋሳትን ይዞ ያስቀራል፤ ፈሳሹም ወደ ጠጣርነት ይለወጣል።

አርጊ ንጥረ ነገሮቹ ከአንድ እስከ አሥራ ሦስት በቁጥር ይጠራሉ። ስድስተኛው ቁጥር በጥናት ስላልጸና ተሰርዟል። አብዛኞቹን የሚሠራው ጉበት ነው። የአንዱ መጉደል የሌላውን ሥራ ያስተጓጉላል፤ በሰንሰለት ላይ አንዲት ቀለበት ብትበጠስ ሰንሰለቱ ሁሉ ሥራ እንደሚፈታ ማለት ነው። ሰውነት ደምን ከማርጋት ጋር የማቆሚያ ልጓምም አለው። ቁስሉ ከተደፈነ በኋላ መርጋቱ ወደ ሌላ አካል እንዳይዛመት የሚገቱ፣ የረጋውንም ቀስ በቀስ የሚያሟሙ ንጥረ ነገሮች አሉ።

ሚዛኑ በሁለት መንገድ ይዛባል። አርጊዎቹ ሲጎድሉ ሰው ይደማል፤ ልጓሙ ሲላላ ወይም ደም በአንድ ቦታ ሲቆም ደግሞ ያላግባብ ይረጋል። ተመራማሪዎች የመጀመሪያውን ችግር መንስኤ ሲፈልጉ ነበር የሁለተኛውን መድኃኒት ያገኙት።

ያለ ምክንያት የሚደሙት ከብቶች

እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጀመሪያ በሰሜን አሜሪካ ሜዳማ ምድር፣ በካናዳዋ አልበርታና በአሜሪካዋ ሰሜን ዳኮታ፣ የከብት አርቢዎችን ያስጨነቀ እንግዳ በሽታ ተከሠተ። ቀንዱ የተቆረጠ ወይፈን ደሙ አልቆም ብሎ ይሞታል፤ የተኮላሸው በሬ በማግሥቱ ሬሳው ይገኛል። አንዳንዶቹ ምንም ቁስል ሳይኖርባቸው በውስጣቸው እየደሙ ይወድቁ ነበር። ብዙዎች ተላላፊ በሽታ የገባ መሰላቸው።

በካናዳ የኦንታሪዮ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ይሠራ የነበረው የእንስሳት ሐኪም ፍራንክ ስኮፊልድ ግን ዓይኑን ከከብቶቹ ወደ መኖዋቸው መለሰ። በአካባቢው ገበሬዎች ስዊት ክሎቨር የተባለ መኖ በብዛት ይዘሩ ነበር። ተክሉ በኢትዮጵያ ደጋማ ስፍራዎች ከሚታወቀው ማገጥ ጋር በወገን የሚቀራረብ፣ በደካማ መሬት ላይም የሚበቅልና ጥሩ መዓዛ ያለው ነው። በደንብ ደርቆ ሲከመር ከብት ያወፍራል። በእነዚያ ዓመታት ግን ዝናቡ በርትቶ ስለነበር ድርቆሹ ሳይደርቅ እየተከመረ ሻገተ። ኑሮ የከበዳቸው ገበሬዎችም የሻገተውን ለመጣል አቅም አላገኙም።

ስኮፊልድ ለአንድ ጥንቸል ደኅና ድርቆሽ፣ ለሌላው የሻገተውን ሰጠ። የመጀመሪያው ጤነኛ ሆኖ ሲቆይ ሁለተኛው ደምቶ ሞተ። ስለዚህ ጥፋቱ የተክሉ ሳይሆን የሻጋታው እንደሆነ ታወቀ። የተመረዘው ከብት የሻገተው መኖ ቢነሣለትና ከጤነኛ ከብት የተወሰደ ደም ቢሰጠው ሊድን እንደሚችልም ተረጋገጠ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ በሰሜን ዳኮታ የሚሠራው የእንስሳት ሐኪም ሊ ሮደሪክ የታመሙት ከብቶች ደም ፕሮትሮምቢን የተባለውን አርጊ ንጥረ ነገር እንዳጣ አሳየ። ሻጋታው ውስጥ ያለው መርዝ ምንነት ግን ገና አልታወቀም ነበር።

የአንድ ገበሬ ጉዞ

እ.ኤ.አ. በየካቲት 1933 ቅዳሜ ቀን፣ በአሜሪካ ዊስኮንሰን ግዛት ዲር ፓርክ በተባለ ስፍራ የሚኖር ኤድ ካርልሰን የተባለ ገበሬ የሞተች ጊደር፣ የማይረጋ ደም የተሞላ የወተት ቆርቆሮና የሻገተ ድርቆሽ በመኪናው ጭኖ ወደ ማዲሰን ከተማ ተነሣ። መንገዱ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን የበረዶ ውሽንፍርም ይነፍስ ነበር። የግዛቱን የእንስሳት ሐኪም ፍለጋ ቢሄድም ቢሮው ዝግ ሆኖ ጠበቀው። በአጋጣሚ ተከፍቶ ያገኘው የዩኒቨርሲቲው የባዮኬሚስትሪ ተመራማሪ የካርል ፖል ሊንክን ቤተ ሙከራ ነበር።

ሊንክ በዚያ ቀን ለገበሬው የሚሰጠው መድኃኒት አልነበረውም። የሻገተውን ድርቆሽ ማብላቱን እንዲያቆም ብቻ መከረው። ገበሬው በዚያው ውሽንፍር ወደ ቤቱ ሲመለስ ይዞት የመጣው ደም ግን በቤተ ሙከራው ቀረ። ሊንክና ባልደረቦቹ ከድርቆሹ ውስጥ መርዙን ለይተው ለማውጣት ስድስት ዓመት ደከሙ። እ.ኤ.አ. በ1939 ሃሮልድ ካምቤል የተባለው የሊንክ ባልደረባ ንጹሑን ንጥረ ነገር ለየ፤ በቀጣዩ ዓመትም ኬሚካዊ አሠራሩ ታወቀ። ስሙ ዲኩማሮል ተባለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለስዊት ክሎቨር መልካም መዓዛ የሚሰጠው ኩማሪን የተባለ ንጥረ ነገር ነው፤ ይህ ለብቻው ደምን አያቀጥንም። ሻጋታ ሲያገኘው ግን ወደ ዲኩማሮል ይለወጣል። ከብቶቹን ይገድል የነበረው ይኸው ነበር።

የጫጩቶቹ ምስክርነት

በዚያው ዘመን በዴንማርክ ርእሰ ከተማ በኮፐንሃገን ሄንሪክ ዳም የተባለ ተመራማሪ በሌላ ጥያቄ ላይ ተጠምዶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1929 ጫጩቶችን ስብ በተወገደለት መኖ ሲመግብ በቆዳቸውና በሥጋቸው ውስጥ መድማት ጀመሩ፤ ደማቸውም ቶሎ አልረጋ አለ። የሚታወቁትን ቫይታሚኖች ሁሉ ቢጨምርላቸውም አልተሻላቸውም። እ.ኤ.አ. በ1935 ጫጩቶቹን የሚያድነው እስከዚያ ያልታወቀ ቫይታሚን እንደሆነ አስታወቀ፤ መርጋት በአገሩ ቋንቋ በሚጻፍበት የመጀመሪያ ፊደል መነሻነትም ቫይታሚን ኬ ብሎ ሰየመው።

አሜሪካዊው ኤድዋርድ ዶይዚ ቫይታሚኑን ከአልፋልፋ መኖ ለይቶ አወጣው። ሁለቱ ተመራማሪዎች የ1943 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። የሻገተ ድርቆሽ ደምን አቅጥኖ ሲገድል፣ አረንጓዴ አልፋልፋ ደግሞ ደምን የሚያረጋውን ቫይታሚን ሰጠ። ሁለቱ ግኝቶች የአንድ ነገር ሁለት ገጽታዎች መሆናቸው ወዲያው ታየ፤ በዲኩማሮል የተመረዘው እንስሳ ቫይታሚን ኬ ሲሰጠው ይድናልና።

ምክንያቱ በኋላ ግልጽ ሆነ። ጉበት ከአርጊ ንጥረ ነገሮች መካከል ሁለተኛውን፣ ሰባተኛውን፣ ዘጠነኛውንና አሥረኛውን ለሥራ ብቁ አድርጎ የሚያወጣው በቫይታሚን ኬ ነው። ቫይታሚኑ አንድ ጊዜ ከሠራ በኋላ ታድሶ እንደገና ይሠራል። ዲኩማሮልና ዘመዶቹ ይህን እድሳት ይከለክላሉ። ጉበት አርጊዎቹን መሥራቱን ባያቆምም የሚወጡት እንዳልተሳለ ማጭድ ናቸው፤ መልክ አላቸው፣ ግን አይቆርጡም። ቀድመው የተሠሩት ደኅነኞቹ አርጊዎች እስኪያልቁ ድረስ ጥቂት ቀናት ስለሚወስድ የመድኃኒቱ ሙሉ ኃይል የሚታየውም ከቀናት በኋላ ነው።

ከአይጥ መርዝ ወደ መድኃኒት ቤት

ዲኩማሮል ከ1941 ጀምሮ በሰዎች ላይ ተሞከረ፤ ደማቸው ያላግባብ ለሚረጋ ሕሙማንም ጠቀመ። ሊንክ ግን ሌላ ነገር አሰበ። እ.ኤ.አ. በ1945 ታምሞ በማገገሚያ ተኝቶ ሳለ ስለ አይጥ ማጥፊያ ዘዴዎች ያነብ ነበር። ከዲኩማሮል የበረታ ዘመዱ ለአይጥ መርዝነት ሊውል እንደሚችል ገመተ። ቤተ ሙከራው ከሠራቸው ብዙ ንጥረ ነገሮች 42ኛው ተመረጠና በ1948 ለገበያ ቀረበ። ዋርፋሪን የሚለው ስም የመጣው ምርምሩን በገንዘብ ከደገፈው የዊስኮንሰን የቀድሞ ተማሪዎች የምርምር ፋውንዴሽን ስም መነሻ ፊደላት ነው።

የአይጥ መርዝ ለሰው ይሰጣል ብሎ ለመናገር ሐኪሞች አመነቱ። እ.ኤ.አ. በ1951 ግን መርዙን የወሰደ አንድ አሜሪካዊ ምልምል ወታደር ሆስፒታል ገብቶ በቫይታሚን ኬ ታክሞ ሙሉ በሙሉ ዳነ። ዋርፋሪን ኃይለኛ ቢሆንም ማርከሻ እንዳለው ከዚህ በላይ ምስክር አላስፈለገም። በ1954 ለሰው መድኃኒትነት ተፈቀደ። በቀጣዩ ዓመት የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ድዋይት አይዘንሃወር የልብ ድካም ደርሶባቸው ሲታከሙ ከተሰጧቸው መድኃኒቶች አንዱ ሆነ።

የመርዝና የመድኃኒት ልዩነት መጠን ብቻ እንደሆነ ከዋርፋሪን በላይ የሚያሳይ ጥቂት ነው። መጠኑ ሲያንስ ደም ይረጋል፤ ሲበዛ ሰው ይደማል። የመድኃኒቱ መጠን ልክ የሚታወቀው አይ ኤን አር በሚባል የደም ምርመራ ነው። መድኃኒቱን የማይወስድ ጤነኛ ሰው ውጤት አንድ አካባቢ ነው። ዋርፋሪን የሚወስድ አብዛኛው ሕመምተኛ ውጤቱ ከሁለት እስከ ሦስት እንዲሆን ይፈለጋል። ሰው ሠራሽ ቫልቭ ላለባቸው አንዳንድ ሕሙማን ሐኪም ከዚህ ከፍ ያለ ግብ ሊወስን ይችላል።

ነገሩ ኢትዮጵያን የሚመለከተው ለምንድን ነው?

በበለጸጉት አገሮች ዋርፋሪን የሚወስዱት አብዛኞቹ አረጋውያን ናቸው። በኢትዮጵያ ግን ብዙ ወጣቶች፣ በተለይም ሴቶች፣ ይህን ክኒን ይፈልጋሉ። ምክንያቱ የሩማቲክ የልብ ሕመም ነው። በልጅነት የሚከሠት የጉሮሮ ቁስለት በባክቴሪያ የተነሣ ሆኖ በወቅቱ በፔኒሲሊን ካልታከመ በአንዳንድ ልጆች ላይ የሰውነት መከላከያ የራሱን ልብ እንዲያጠቃ ያደርጋል። የልብ ቫልቮች ቀስ በቀስ ይጠባሉ ወይም መግጠም ያቅታቸዋል። ልብ ምቱ ሲዛባ ደም በልብ ክፍል ውስጥ ይቆማል፤ የቆመ ደም ይረጋል። የረጋው ደም ተፈንቅሎ ወደ አንጎል ከሄደ ስትሮክ ያስከትላል።

ቫልቭ በቀዶ ሕክምና ሲቀየር የሚገባው አዲስ ቫልቭ ሰው ሠራሽ ከሆነ፣ ደም ባዕድ ነገር ላይ ስለሚረጋ፣ ሕመምተኛው ዕድሜውን በሙሉ ዋርፋሪን መውሰድ ይኖርበታል። ከ2010 ወዲህ ተደጋጋሚ የደም ምርመራ የማይፈልጉ አዳዲስ ደም አቅጣኝ መድኃኒቶች በገበያ ላይ ውለዋል። ለብዙ ሕመሞችም ተመራጭ ሆነዋል። ሰው ሠራሽ ቫልቭ ላለባቸው ግን አልተስማሙም፤ ዳቢጋትራን በተባለው አዲስ መድኃኒት ላይ የተደረገው ሙከራ ደም መርጋትም መድማትም በመብዛቱ ተቋርጧል፤ ውጤቱም በ2013 ታትሟል።

እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ሌላ ትልቅ ጥናት ደግሞ የድሃ አገሮችን ሕሙማን በቀጥታ ይመለከታል። ጥናቱ በአፍሪካ፣ በእስያና በላቲን አሜሪካ በሚገኙ 24 አገሮች ከ4 ሺህ 500 በላይ ሕሙማንን አሳትፏል። ሁሉም በሩማቲክ የልብ ሕመም የልብ ምታቸው የተዛባ ነበሩ። ተመራማሪዎቹ ሪቫሮክሳባን የተባለው አዲሱ መድኃኒት ቢያንስ ከቀድሞው እኩል ይሆናል ብለው ጠብቀው ነበር። ውጤቱ ግን ተቃራኒ ሆነ፤ ዋርፋሪንንና ዘመዶቹን የወሰዱት ሕሙማን ሞታቸው አነስተኛ ነበር፤ የመድማት አደጋቸውም አልበለጠም። ከገበሬ በረት የተነሣው አሮጌ መድኃኒት ለእነዚህ ሕሙማን እስከ ዛሬ ቦታውን አልለቀቀም።

በመሆኑም በገጠር ለሚኖር ሕመምተኛ ትልቁ ጉዳይ ምርመራው ነው። ክኒኑ ርካሽ ነው፤ አይ ኤን አር የሚለካበት ተቋም ግን ከቀበሌው ሊርቅ ይችላል። መንገዱ ረጅም ነው፣ ገንዘብ የለም ወይም ሥራ በዝቷል ብሎ ቀጠሮን መተው በማይታይ ገደል አፋፍ ላይ መሄድ ነው። ሕመምተኛው ምንም ሳይሰማው ደሙ በጣም ሊቀጥን ወይም ሊረጋ ይችላልና።

ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ሊያውቃቸው የሚገቡ ነገሮች

ክኒኑ በየቀኑ በአንድ ሰዓት ቢወሰድ ይመረጣል፤ ማታ መውሰድ የተለመደ ነው። ተረስቶ በዚያው ቀን ከታወሰ ይወሰዳል። ቀኑ ካለፈ ግን በማግሥቱ ሁለት እጥፍ መውሰድ ክልክል ነው።

ጎመን፣ ቆስጣና ሌሎች አረንጓዴ ቅጠሎች ቫይታሚን ኬ በብዛት አላቸው። ይህ ማለት ሕመምተኛው ጎመን አይብላ ማለት አይደለም። መጠኑ ከሳምንት ሳምንት ተቀራራቢ ይሁን ማለት ነው። በተለይ በጾም ወራት ከወትሮው አብልጦ ቅጠላ ቅጠል የሚመገብ ሰው የመድኃኒቱ ኃይል ሊቀንስበት ይችላል። ጾሙ ሲፈታ ደግሞ ተቃራኒው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጾም ከመግባቱ በፊት ለሐኪም መንገርና የምርመራውን ቀን ማመቻቸት ይገባል።

ሌሎች መድኃኒቶች የዋርፋሪንን ሥራ ይለውጣሉ። አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ የመድማት አደጋን ይጨምራሉ። ኮትሪሞክሳዞልና ሜትሮኒዳዞል የመድኃኒቱን ኃይል ያበረታሉ። ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን ደግሞ ያዳክመዋል። የባህል መድኃኒቶችም ያልታወቀ ኃይል ሊኖራቸው ይችላል። በመሆኑም ራስ ምታት ወይም የወገብ ሕመም ሲያጋጥም ከጎረቤት ክኒን መዋስ አይገባም። ወደ ጤና ጣቢያም ሆነ ወደ ጥርስ ሐኪም ሲኬድ ገና ከመነሻው "ዋርፋሪን እወስዳለሁ" ማለት ያስፈልጋል።

ዋርፋሪን በተለይ በእርግዝና የመጀመሪያዎቹ ወራት ፅንስን ይጎዳል። ሰው ሠራሽ ቫልቭ ያላት ሴት መውለድ ስታስብ ከማርገዟ በፊት ሐኪሟን ማማከር አለባት። መድኃኒቱን በራስ ፈቃድ ማቆም ግን ቫልቩ ላይ ደም እንዲረጋ ስለሚያደርግ የእናትንም የፅንስንም ሕይወት አደጋ ላይ ይጥላል።

ሰገራ እንደ ሬንጅ ሲጠቁር፣ ሽንት ሲቀላ፣ ነስር አልቆም ሲል፣ ያለ ምክንያት ቆዳ ሲበልዝ፣ ኃይለኛ ራስ ምታት ሲነሣ ወይም ጭንቅላት ሲመታ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይገባል። አፍ በድንገት ሲጣመም፣ አንደኛው የሰውነት ክፍል ሲዝል ወይም ንግግር ሲተሳሰር ደግሞ የስትሮክ ምልክት ስለሆነ አንድ ሰዓት እንኳ ማዘግየት አይገባም።

አንድ መርፌ ለአራስ ሕፃን

ሁሉም ሕፃን ሲወለድ በሰውነቱ ያለው ቫይታሚን ኬ ጥቂት ነው። ከእናቱ በእንግዴ ልጅ በኩል የሚያልፍለት አነስተኛ ነው፤ የእናት ጡት ወተትም በሌላው ነገር ሁሉ የተሟላ ምግብ ቢሆን የዚህ ቫይታሚን ይዘቱ ዝቅተኛ ነው። በመሆኑም ጤነኛ የሚመስል አራስ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ወይም ሳምንታት ከእትብቱ፣ ከአንጀቱ፣ ከሁሉም የከፋውም በአንጎሉ ውስጥ ሊደማ ይችላል። ይህን የሚከላከለው በተወለደ ዕለት ጭኑ ላይ የሚሰጥ 1 ሚሊ ግራም ቫይታሚን ኬ ነው። ክብደቱ ላነሰ ሕፃን መጠኑ ይቀነሳል። በጤና ተቋም የምትወልድ እናት ይህን አገልግሎት ልትጠይቅ ይገባል። በቤት የተወለደ ሕፃንም ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም ቢወሰድ መርፌውን ሊያገኝ ይችላል።

ቫይታሚን የማያድነው መድማት

የመድማት ችግር ሁሉ ግን በቫይታሚን ኬ አይድንም። ሄሞፊሊያ በዘር የሚወረስ ሲሆን ስምንተኛው ወይም ዘጠነኛው አርጊ ንጥረ ነገር በመጉደሉ ይከሠታል። በአብዛኛው የሚታመሙት ወንዶች ናቸው፤ የበሽታውን ዘር የሚያስተላልፉት ግን እናቶች ናቸው። አሜሪካዊው ሐኪም ጆን ኦቶ ይህን የአወራረስ ሥርዓት በ1803 ጽፎታል። ከእርሱ እጅግ አስቀድሞም የአይሁድ ታልሙድ ወንድሞቹ በግርዛት ደምተው የሞቱበት ሕፃን እንዳይገረዝ ደንግጎ ነበር።

ይህ ጥንታዊ ጥንቃቄ ለኢትዮጵያውያን ቤተሰቦችም ይጠቅማል። የሕፃኑ ወንድም ወይም የእናቱ ወንድም በግርዛት ወይም በጥርስ መነቀል ጊዜ ደሙ አልቆም ብሎ ከነበረ፣ ሕፃኑ ከመገረዙ በፊት መመርመር አለበት። ዳዴ ማለት ሲጀምር ጉልበቱ ወይም ቁርጭምጭሚቱ የሚያብጥበት፣ በጥቂት ግጭት ሰፊ ብልዝ የሚወጣበት ልጅም እንዲሁ። ይህ ሕመም የእርግማንም የቡዳም ውጤት አይደለም፤ እናቲቱም በደለኛ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1964 ጁዲት ፑል የተባለች ተመራማሪ ከቀዘቀዘ የደም ፈሳሽ ስምንተኛውን አርጊ አከማችቶ የመለየት ቀላል ዘዴ ካገኘች ወዲህ ሕክምናው ብዙ ርቀት ተጉዟል። ዛሬ የጎደለው አርጊ በመርፌ ይተካል። ሚያዝያ 9 ቀን፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ኤፕሪል 17፣ በዓለም አቀፍ ደረጃ የሄሞፊሊያ ቀን ሆኖ ይታሰባል።

በቤትና በጎተራ ያለው መርዝ

የዋርፋሪን ዘመዶች የሆኑ የአይጥ መርዞች ዛሬም በየሱቁ ይሸጣሉ። አዳዲሶቹ ከቀድሞው በጣም የበረቱ ሲሆኑ ኃይላቸው በሰውነት ውስጥ ሳምንታት፣ አልፎ አልፎም ወራት ይቆያል። መርዙን የበላ ልጅ በመጀመሪያው ቀን ሲጫወት ሊውል ይችላል፤ መድማቱ የሚጀምረው ከቀናት በኋላ ነው። ስለዚህ "ምንም አልሆነም" ብሎ መጠበቅ አይገባም። መርዙ ከነበረበት ዕቃ ወይም መጠቅለያ ጋር ልጁን ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ማድረስ ያስፈልጋል። መጠቅለያው የግድ የሚያስፈልገው የአይጥ መርዝ ሁሉ አንድ ስላልሆነ ነው። ዚንክ ፎስፋይድ የተባለው ለምሳሌ ፍጹም ሌላ ዓይነት መርዝ ሲሆን ቫይታሚን ኬም ሆነ ሌላ የተለየ ማርከሻ የለውም። መርዝን ከእህል ጎተራ፣ ከልጆች እጅ፣ ከውሻና ከድመት ማራቅ ከሁሉ የሚቀድም ጥንቃቄ ነው።

ለአርቢዎችም ከመቶ ዓመት በፊት የተገኘው ትምህርት አላረጀም። ድርቆሽ በደንብ ሳይደርቅ መከመር የለበትም፤ የሻገተውንም "ከብት ይለየዋል" ብሎ ማቅረብ አይገባም። ሻጋታ እንደ ተክሉና እንደ ሻጋታው ዓይነት ልዩ ልዩ መርዞችን ሊያፈራ ይችላል። ከብት ሲኮላሽ ወይም ቀንዱ ሲቆረጥ ደሙ ካልቆመ፣ ወይም በአንድ በረት ያሉ ከብቶች ተከታትለው ከደሙ ለእንስሳት ሐኪም ማሳወቅና ሲበሉት የሰነበቱትን መኖ ማሳየት ይገባል።

ሊንክ በዚያ ቅዳሜ የተቀበለው ከአንድ ገበሬ ያስተዋለውን ነገር ነበር፤ ከብቱ ሞተች ብቻ ሳይሆን ደሟ አልረጋም፣ የበላችውም ይህ ነው የሚል። ደሙንና መኖውን አብሮ ይዞ ባይሄድ ኖሮ ተመራማሪው የሚመረምረው ነገር ባልኖረው ነበር። ዛሬም በጤና ጣቢያም ሆነ በእንስሳት ክሊኒክ በር ላይ ሕመሙ መቼ እንደጀመረ፣ ምን እንደተበላ፣ የትኛው መድኃኒት እንደተወሰደ አስተውሎ የሚናገር ሰው የሕክምናውን ግማሽ መንገድ አቅልሎ ይሄዳል።